ላም በመዳብ ላይ፦ የሆላንድን መስክና ከብት በኤቺንግ መሥራት

ላም መሳል ቀላል የሚመስለው እስኪሞክሩት ድረስ ነው። እኔ ከብት እየጠበቅኩ ነው ያደግኩት፣ ላም አውቃለሁ ብዬ ነበር። ሆላንድ መጥቼ በማታ ኮርስ የመጀመሪያዋን ላም መዳብ ላይ ስጭር ግን የወጣችው አራት እግር የተተከለለት ጆንያ ናት። ሁለተኛዋ ደግሞ ሻኛ ነበራት! ከፊቴ የተኛችው የፈረንጅ ላም ሻኛ የሚባል ነገር የላትም፤ እጄ የለመደውን ሳለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መዳብ አበላሽቻለሁ። እናንተ ያን ያህል እንዳታበላሹ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ኤቺንግን ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። የመዳብ ላሜራ ላይ ሰም ትቀባላችሁ። ሰሙን በመርፌ ትጭሩታላችሁ። ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ አሲዱ ሰም የተነሣለትን ቦታ ብቻ ይበላል። ቀለሙ የተበላው ቦይ ውስጥ ይገባና በማተሚያ ተጨምቆ ወረቀት ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፤ መስመሩን የሚያጠቁረው አሲድ ውስጥ የቆየበት ሰዓት ነው። መርፌውን ስለተጫናችሁት አይጠቁርም። ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው።

መጀመሪያ ማንን እንደምትከተሉ ምረጡ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች ከብት ለብቻው የጥበብ ርዕስ ሆነላቸው። ሐይቅ እያደረቁ መሬት ያወጡበት ዘመን ነው፤ ቤምስተር የሚባለው ትልቁ ሐይቅ ደርቆ ያለቀው በ1612 ነው። በዚህ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሣር በቀለ፣ ላም ገባ፣ ወተቱና አይቡ ሀብት ሆነ። ከመሬቱ በላይ ጎልቶ የሚታይ ነገር ላም ብቻ በሆነበት አገር ሠዓሊ ላም ቢስል ምን ይገርማል።

ለጀማሪ የምመክረው ፓውሉስ ፖተርን ነው። በ1625 በኤንክሃውዘን ተወልዶ በ1654 በአምስተርዳም ሞተ፤ ገና 28 ዓመቱ ነበር። በ1650 ቀንን የያዙ 8 ትንንሽ የከብት ኤቺንጎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው በግምት 10 በ14 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በ1652 ደግሞ 5 የፈረስ ኤቺንግ ሠራ፣ ከጎልማሳው ድንጉላ ተነሥቶ እስከ አረጀው ጋማ ከብት ድረስ። የፖተር ከብት አይቆነጅም። የዳሌ አጥንቱ ይታያል፣ ሆዱ ይከብዳል፣ ዓይኑ እናንተን ከቁም ነገር አይቆጥራችሁም።

ካረል ዱጃርዲን ለፀጉርና ለሱፍ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ በጉንና አህያውን እዩለት። አድሪያን ፋን ደ ፌልደ ደግሞ ለብርሃን። ኒኮላስ ቤርኸም እጁ የሚያስቀና ሰው ነው፣ ግን ለጀማሪ አይሆንም ባይ ነኝ። ፍርስራሹ፣ ተራራው፣ ፍየሉ፣ እረኛዋ፣ ፏፏቴው፤ የጣሊያን ፀሐይ የገባበት ሥዕል ስለሆነ ብዙ ነገር ይበዛበታል፣ የላማችሁን ስህተት ይደብቅላችኋል። ስህተታችሁ መታየት አለበት።

የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የእነዚህን ሰዎች ሕትመቶች በድረ ገጹ ላይ በትልቁ በነጻ እንድታወርዱ ይፈቅዳል። የፖተርን አንዷን ላም አውርዱና በእውነተኛ መጠኗ አትሙ። ከዚያ በማጉያ መነጽር መስመር ቁጠሩ። ሳቄን አትጠብቁ፣ የምሬን ነው። የላሟ ጀርባ ላይ፣ ፀሐይ የመታው ቦታ፣ ስንት መስመር አለ? ባዶ ወረቀት ነው።

ላሟን ሂዱና እዩዋት

ከፎቶ ብቻ አትሥሩ። ፎቶ የላሟን እግር ሣር ውስጥ ይውጠዋል፣ የቀረበውን ጭንቅላት ያሳብጠዋል። ሆላንድ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፣ ከከተማ ትንሽ ወጣ ካላችሁ መስክ አለ፣ በመስኩና በመንገዱ መካከል ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዶ ተቀመጡ። ወደ መስኩ ሳያስፈቅዱ መግባት አያስፈልግም፤ ላሞቹ ራሳቸው አዲስ ሰው ሊያዩ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የብርዱን ወራት በረት ውስጥ ነው የሚያሳልፉት፣ ስለዚህ ከፀደይ እስከ መጸው ሥሩ።

የተኛችና የምታመሰኳ ላም መጀመሪያ ያዙ። ከአፏ በቀር አትንቀሳቀስም። ቆማ የምትግጥ ከሆነ ግን በየደቂቃው ቦታ ትቀይራለች፣ ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ንድፍ ጀምሩና ወደ ቀድሞው አቋሟ ስትመለስ የጀመራችሁትን ቀጥሉ። መመለሷ አይቀርም። ስትነሣም አስተውሉ፤ ላም የኋላ እግሯን ነው የምታስቀድመው፣ ፈረስ የፊቱን። ይህን ያላወቀ ሰው የሣላት ላም ስትነሣ ፈረስ ትመስላለች።

አጥንቱ ላይ አተኩሩ፦ የዳሌው ጉብታ፣ የትከሻው ጠርዝ፣ የኋላ እግር ክርን የሚታጠፍበት። የፈረንጇ ላም ጀርባ ከትከሻ እስከ ዳሌ ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። የእኛን አገር ከብት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ደግሞ አንድ ላም ብቻ ስላችሁ አትመለሱ። ፖተር በ1647 የሣለው ታላቁ ‘ኮርማ’ ዘ ሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ ወርዱ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ሥዕል ነው። ከብት የሚያውቁ ሰዎች ሲመረምሩት የአካሉ ክፍሎች ዕድሜያቸው አንድ አይደለም፤ ከተለያዩ ከብቶች ንድፍ የተገጣጠመ ኮርማ ነው። ስለዚህ ከአንዷ ቀንዱን፣ ከሌላዋ ሽንጡን ብትወስዱ ማንም አይከሳችሁም።

አቀማመጣችሁን ዝቅ አድርጉ። መሬት ላይ ተቀመጡ። ያኔ አድማሱ በላሟ ጉልበት ወይ በሆዷ በኩል ያልፋል፣ ጀርባዋና ጭንቅላቷ ሰማዩ ላይ ይወጣል። የፖተር ከብት ግዙፍ የሚመስለው በዚህ ዘዴ ነው። ቆማችሁ ከላይ ወደታች ከሣላችሁ ላሟ ሣር ላይ የወደቀ ጃኬት ትመስላለች።

የቀረው ትንሽ ነው። ከኋላ አንድ የተኛች ላም፣ ከጎን አናቱ የተከረከመ አኻያ፣ ከሩቅ ቀጭን የአድማስ መስመር፣ ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ማማ እንደ መርፌ ጫፍ። በቃ። ሰማዩን ተዉት።

ላሜራውን ማዘጋጀት

1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመዳብ ላሜራ በ10 በ14 ሴንቲ ሜትር አስቆርጡ። ጠርዞቹን በሞረድ አጋድማችሁ ሙረዱ፣ ካልሆነ ወረቀቱንም የማተሚያውን ሱፍ ጨርቅም ይቆርጣል። ፊቱ የተጫጫረ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያም በማለስለሻ አብሱት። የጠመኔ ዱቄት በትንሽ አቼቶ ለውሳችሁ በጥጥ እሹት፣ በውሃ አለቅልቁት። ውሃው ነጠብጣብ ሳይሠራ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ከወረደ ቅባቱ ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ በጣታችሁ አትንኩት፤ የጣት አሻራ ባለበት ሰሙ አይይዝም።

ሰሙና ጧፉ

የድሮው ሰም ከንብ ሰም፣ ከማስቲክ ዛፍ ሙጫና ከሬንጅ ይቀላቀል ነበር፣ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፣ ተድቦልቡሎ ይሸጣል። ላሜራውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አሙቁት፣ ድቡልቡሉን ስትነኩበት ቀልጦ መፍሰስ ሲጀምር ይበቃል። በሮለር በስሱ ዘርጉት። ማር የተቀባ ዳቦ ከመሰለ በዝቷል፤ ቢጫ ብርጭቆ ሲመስል ልክ ነው። ካጨሰ ደግሞ ተቃጥሏል፣ ጠርጋችሁ እንደገና ጀምሩ።

ቀጥሎ ማጥቆር ነው። ሰሙ ገና ሳይቀዘቅዝ ላሜራውን ገልብጣችሁ በመያዣ ያዙትና ከሥሩ ጧፍ አንድዱ። አዎ፣ ያው የምታውቁት ጧፍ። ኮርሱ ላይ ሌሎቹ ሻማ አጣምረው ሲያስሩ እኔ ከቤቴ ጧፍ ይዤ ሄድኩ፣ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ጠምዝዤ አነደድኩት፣ ከሁሉም የተሻለ ጠቆረልኝ። ነበልባሉ ላሜራውን ብዙ ሳይልሰው ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሱት፣ ጥላሸቱ ሰሙ ውስጥ ይገባና እንደ ጥቁር መስታወት ያበራል። ፀጉራችሁን እሰሩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከሥሩ ወረቀት አታስቀምጡ። የጠቆረው ሰም ላይ ስትጭሩ መዳቡ እንደ ወርቅ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ሰምና ወርቅ ሲባል በቃል ብቻ ለሰማነው ሰዎች በዓይን ማየቱ ደስ ይላል።

ግልብጡን አትርሱ

ላሜራው ላይ ወደ ቀኝ የምታይ ላም ወረቀቱ ላይ ወደ ግራ ታያለች። ንድፋችሁን ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ቅዱና ፊቱን ወደታች አድርጋችሁ አስተላልፉ፤ ከሥሩ ነጭ ወይም ቀይ ጠመኔ የተቀባ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በደነዘዘ እርሳስ ብትከተሉት ምልክቱ ሰሙ ላይ ይቀመጣል። ለላም ግራና ቀኙ ግድ የለም፣ ለስማችሁና ለቀኑ ግን ግድ ነው። ፊርማችሁን ግልብጥ አድርጋችሁ ጻፉ። የግእዝ ፊደል ገልብጦ መጻፍ፣ በተለይ ‘ጵ’ እና ‘ሯ’ ያለበት ስም ካላችሁ፣ የራሱ የሆነ ቅጣት ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከጀርባው በመስኮት ብርሃን አይታችሁ ቅዱ።

መጫር

መርፌ እጀታ ውስጥ ተክላችሁ፣ ጫፉን ትንሽ አደንዝዙት። ዝም ብሎ እንዲንሸራተት እንጂ መዳቡን እንዲቆፍር አንፈልግም። ሰሙን ብቻ ነው የምታነሡት። እንደ እስክሪብቶ ልቅቅ አድርጋችሁ ያዙት።

ከላሟ ጀምሩ፣ ከዳርቻዋ ግን አትጀምሩ። ይህ ትልቁ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ዙሪያዋን በአንድ ወፍራም መስመር ያጥሩና ውስጡን ይሞላሉ። የቆርቆሮ ላም ትወጣለች። ከጥላው ቦታ ጀምሩ፦ ከሆዷ ሥር፣ ከአንገቷ በታች፣ ከኋላ እግሮቿ መካከል። አጫጭር ጭረቶች፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ። ጭረቶቹ የሆዱን ክብነት ተከትለው ይጉበጡ፣ በርሜል ላይ የተጠመጠመ ገመድ አስቡ። ጥላው እንዲጠልቅ በላዩ ሌላ ረድፍ ትንሽ አዘንብላችሁ ድገሙ። ወደ ብርሃኑ ስትመጡ ጭረቱ ይሳሳ፣ ይቆራረጥ፣ ከዚያ ይጥፋ። ጀርባዋ ላይ መስመሩ እዚህም እዚያም ተቋርጦ ቢቀር ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

ጥቁርና ነጭ ላም ከሆነች አንድ ወጥመድ አለ። ጥቁሩን ቡራቡሬ እንደ ካርታ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ከሞላችሁት ሰውነቷ ይሰበራል። ጥቁሩም ውስጥ ጭረቱ የጎኗን ክብነት መከተል አለበት፣ ብርሃን የነካው ጥቁር ደግሞ ከጥላው ጥቁር ይቀልላል።

ከፊት ለፊት ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም አድርጉ። እነዚያ ሰዎች የሚወዱት ነገር ነው፣ ምክንያትም አለው፤ ወፍራም ጥቁር ነገር ከፊት ሲኖር መስኩ ወደ ኋላ ይርቃል። ሣሩን አንድ በአንድ አትሣሉት፣ እስከ ከርሞ አትጨርሱም። ላሟ እግር ሥር ጥቂት ነዶ፣ ሌላውን አግድም የተኛ መስመር።

አሲዱ፣ ማለትም ሰዓቱ

እኛ አሲድ እንለዋለን እንጂ በትክክሉ የምትጠቀሙበት ፌሪክ ክሎራይድ የብረት ጨው ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ ልጆች ሰርኪት ቦርድ የሚበሉበት ያው ነው። ተበጥብጦ የሚሸጠውን ግዙ፣ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው በጣም ይሞቃል። ናይትሪክ አሲድ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ‘የሆላንድ’ የሚል ቅጽል ያለው የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የፖታሲየም ክሎሬት ቅልቅልም አለ፣ ስሙ አያታላችሁ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው፤ ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ፖተር አያውቀውም።

ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ አሮጌ ሽርጥ። የፕላስቲክ ሳፋ፤ ብረትና አሉሚኒየም ዕቃ ይበላል። የላሜራውን ጀርባና ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑ። ላሜራው ፊቱን ወደታች ወይም ቀጥ ብሎ ቢቆም ይመረጣል፣ አለዚያ ከመዳቡ የሚወጣው ዝቃጭ መስመሩ ውስጥ ተቀምጦ መብላቱን ያዘገየዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል፣ አዲስ በሆነ ፈሳሽ፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሁሉንም ለ10 ደቂቃ እከታለሁ። አወጣለሁ፣ በውሃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ። ከዚያ አድማሱን፣ ማማውንና የሩቁን ሣር በመሸፈኛ ቫርኒሽ በብሩሽ እቀባለሁ፤ እነሱ አልቀዋል። ቫርኒሹ ሲደርቅ ለሌላ 15 ደቂቃ መልሼ እከታለሁ። ቀጥሎ የላሟን ቀላል ጥላዎችና የኋለኛዋን ላም እሸፍናለሁ። ከዚያ ለ30 ደቂቃ፣ ለሆዷ ሥርና ለፊተኛው አረም። አሮጌ ፈሳሽ ይዘገያል፣ የሞቀ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ሰዓቴን እንደ ሕግ አትያዙት። በቁራጭ መዳብ ላይ አሥር መስመር ጭራችሁ በየ5 ደቂቃው አንድ አንዱን እየሸፈናችሁ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ሥሩ። ያቺ ቁራጭ ከማንም አስተማሪ ትበልጣለች።

አንድ ጊዜ ስልክ ተደውሎልኝ አድማሱን ሳልሸፍን መልሼ ከተትኩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ እያወራሁ። ሲታተም ማማው ከላሟ ቀንድ እኩል ጠቁሮ ላሟ ቤተ ክርስቲያን ተሸክማ የቆመች መሰለች። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ስልክ ከማንሣቴ በፊት እንዳየው።

ደግሞ ብዙ የተጠጋጉ ጭረቶችን አብዝታችሁ አታስበሉ። በመካከላቸው ያለው መዳብ ይጠፋና አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይሆናሉ፣ ሰፊ ጉድጓድ ቀለም አይዝም፣ ጥቁር የጠበቃችሁት ቦታ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

ያለቀውን ፈሳሽ ፍሳሽ ውስጥ አትድፉ። መዳብ ስላለበት ውሃውን ይመርዛል። በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ምን እንደሆነ ላዩ ላይ ጽፋችሁ፣ የኬሚካል ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ውሰዱ።

ማተም

ሰሙን በምግብ ዘይት ወይም በአኳራጅ አንሡት። የኤቺንግ ጥቁር ቀለም ላሜራው ላይ ሁሉ ቀቡ፣ መስመሩ ውስጥ እንዲገባ በካርቶን ጠርዝ ግፉት። ከዚያ በስታርች የደረቀ ሻሽ እየዞራችሁ ጥረጉ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠመኔ በነካ መዳፍ። ሰማዩ ንጹሕ እስኪሆን። ላሟ ሥር ትንሽ ቀለም ቢቀር ግን አትጨነቁ፣ ጥላ ይሆናል።

ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በመጣጭ ወረቀት መካከል ጫኑት። ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ግን ላዩ አያብረቀርቅም። ላሜራ፣ ወረቀት፣ ሱፍ፣ ከዚያ በማተሚያው አንድ ጊዜ ሳይቆሙ ማሳለፍ። ማተሚያ የሌላችሁ በዚህ መጠን የፓስታ መዳመጫ ማሽንም ይሠራል፣ ቀልድ አይደለም፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ወረቀቱን ከአንድ ጫፍ በቀስታ አንሡት።

የመጀመሪያው ሕትመት አያስደስታችሁም። ምንም አይደለም፣ መዳብ ይታረማል። የጠቆረውን በማለስለሻ ብረት እየጨፈለቃችሁ ታሳሱታላችሁ፤ የሳሳውን እንደገና ሰም ቀብታችሁ ትጨምሩበታላችሁ፤ ትንሽ ጥቁር ብቻ ከጎደለ በቀጥታ በሹል መርፌ መዳቡን መቧጨር ይቻላል፣ ግን የቧጨራችሁት ጠርዝ ከጥቂት ሕትመት በኋላ ይጨፈለቃል። ፖተርም ያርም ነበር። ገና በ1643 የሠራውን የከብት እረኛ ላሜራ ቆይቶ ቆርጦ አሳነሰው፣ ቀኑንም ወደ 1649 ቀየረው። እናንተም ግራ በኩል ያለው ዛፍ ካስጠላችሁ መጋዝ አለ።

ያማራችሁን ሕትመት በሁለት ካርቶን መካከል ክብደት ጭናችሁ አድርቁ። ላሜራውን አጥባችሁ፣ ስስ ዘይት ቀብታችሁ፣ በወረቀት ጠቅልሉትና ላዩ ላይ የአሲዱን ደቂቃዎች ጻፉበት፦ 10፣ 25፣ 55። ለሚቀጥለዋ ላም ይፈለጋል።